ያልተዘጋጀንባቸው ምሽቶች፦ ከጓደኞቼ ጋር የሚና ጨዋታ ስንጫወት

ከጓደኞቼ ጋር ለዓመታት የሚና ጨዋታ ስንጫወት ቆይተናል። አብዛኛውን ጊዜ የምመራው እኔ ነኝ። ተሰብስበን ወሬ ስንጀምር ደጋግመው የሚነሱ ታሪኮች አሉን። ሁሌም የሚገርመኝ ታዲያ ከእነዚህ ውስጥ አንዱንም እኔ ቁጭ ብዬ ያዘጋጀሁት አለመሆኑ ነው። ሳወጣ ሳወርደው የከረምኩት ሴራ፣ ተጨንቄ የፈጠርኩት ጠላት፣ በጥንቃቄ የሣልኩት ካርታ፣ ማንም አያነሳውም። የሚነሳው አንዷ ድንገት የጠየቀችው ጥያቄ ነው። ዳይሱ እምቢ ያለበት ቅጽበት ነው። አንዱ ለሌላው ሲል ገጸ ባሕሪውን የሠዋበት ምሽት ነው።

ይህን የምጽፈው ከጓደኞቹ ጋር ሊጀምር ለሚያስብ፣ ወይም ጀምሮ "ምነው ጨዋታችን ቀዘቀዘ?" ለሚል ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ቅጽበት አዝዞ ማምጣት አይቻልም። ቦታ ማዘጋጀት ግን ይቻላል።

ለማያውቀው ሰው በአጭሩ ላስረዳ። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ ጨዋታ መሪ ይሆናል፤ ዓለሙን ይተርካል፣ በውስጡ ያሉትን ሰዎች ወክሎ ይናገራል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕሪ ይይዛሉ። መሪው "ከወንዙ ማዶ መብራት ይታያል፤ ጀልባዋ ግን የለችም። ምን ታደርጋላችሁ?" ይላል። ተጫዋቾቹ ይመልሳሉ። የሚያደርጉት ነገር መሳካቱ ሲያጠራጥር ዳይስ፣ ማለትም ገጾቹ ላይ ቁጥር ያለበት መጫወቻ፣ ይጣላል። መሠረቱ ይኸው ነው። አብዛኛውን ጊዜ አሸናፊና ተሸናፊ የለም፤ ሁሉም አብረው አንድ ታሪክ ይሠራሉ።

በጣም የታወቀው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሠሩት ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ታተመ። ሁለቱም ከዚያ በፊት በትንንሽ የወታደር ምስሎች የጦርነት ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎች ነበሩ። ሠራዊት ከማዘዝ ወደ አንድ ሰው መሆን መሻገሩ ነው ሁሉን የለወጠው። ሠራዊት አይፈራም፣ አይናፍቅም። አንድ ሰው ግን ይፈራል፣ ይናፍቃል፣ ቃሉን ያጥፋል።

ሁላችንም ከምናስታውሳቸው ነገሮች ዋናው አንድ የድልድይ ዘብ ነው። በዝግጅቴ ላይ የነበረው ድርሻ አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ድልድዩ ላይ የታጠቀ ዘብ ቆሟል፣ አያሳልፍም። ወይ ይዋጉታል፣ ወይ ጉቦ ይሰጡታል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። አንዷ ጓደኛችን ግን "ጠጋ ብዬ አናግረዋለሁ" አለች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ የቆምከው? ተቀያሪህስ የት ነው?"

ዝግጁ መልስ አልነበረኝም። የመጣልኝን በዘቡ ድምፅ ተናገርኩ። "ተቀያሪዬ መምጣት የነበረበት ከሦስት ቀን በፊት ነው።"

ሌላው ተጫዋች ቀጠለ። "ታዲያ ለምን አልሄድክም?"

"ትእዛዝ ነው። ደግሞ ተቀያሪዬ ወንድሜ ነው።"

አለቀ። ያዘጋጀሁት ጉዞ በሙሉ እዚያው ተረሳ። የዘቡን ወንድም ፍለጋ ሄዱ። ብዙ ምሽቶች ከፈጀ ፍለጋ በኋላ አገኙት። አልሞተም፤ ከድቶ ወደ ጠላት ወገን ገብቷል። አሁን ምን ይደረግ? አንዱ "እውነቱን እንንገረው" አለ። ያቺ መጀመሪያ የጠየቀችው ጓደኛችን ደግሞ "ሞቷል እንበለው፤ ቢያንስ በክብር ያስታውሰዋል" አለች። በዚያ ጉዳይ ብቻ ምሽቱን ሙሉ ተከራከሩ፤ ሁሉም በገጸ ባሕሪያቸው አንደበት። ዳይስ የሚባል ነገር አልተነሳም። እኔም ሥራዬ ዝም ብሎ መስማት ነበር። በመጨረሻ እውነቱን ነገሩት። ዘቡ ጋሻውን መሬት ላይ አስቀምጦ "እንግዲህ እለፉ፤ የምጠብቀው ነገር የለም" አላቸው። ዛሬም ከመካከላችን ሁለቱ በዚያ ውሳኔ አይስማሙም።

ከዚያ ወዲህ ታሪክ አላዘጋጅም፤ ሰዎች ነው የማዘጋጀው። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ነገር እጽፋለሁ፤ ምን ይፈልጋል፣ ምን ይፈራል፣ ተጫዋቾቹ ባይመጡ ኖሮ ነገ ምን ያደርግ ነበር። ይህችን ሦስተኛዋን አትዝለሏት። ያ ሰው ከእናንተ ተጫዋቾች ውጭ የራሱ ሕይወት እንዳለው የምታሳየው እሷ ናት። ሦስቱን ካወቃችሁ ምንም ብትጠየቁ መልስ አታጡም።

ጭራሽ ያላሰባችሁትን ሲጠይቋችሁ ደግሞ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የመጣላችሁን መናገርና እዚያው በዚያው መጻፍ ነው። ካልተጻፈ በሚቀጥለው ምሽት ታምታቱታላችሁ፣ ተጫዋቾቹ ግን አይረሱትም። ሁለተኛው ጥያቄውን መልሶ መስጠት ነው። "ገጸ ባሕሪሽ ከዚህ አገር አይደለች? ስለዚህ ድልድይ ልጅ ሳለች ምን ትሰማ ነበር?" ተጫዋቹ ራሱ የጨመረውን ነገር ከማንም በላይ ይንከባከበዋል።

ወደ ዳይሱ ልምጣ። በእኔ ግምት የጀማሪ ቡድኖች ጨዋታ የሚቀዘቅዘው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ጓደኛችን ሌባ ይጫወት ነበር። ሌሊት የመዝገብ ቤት በር በመክፈቻ ሊከፍት ሞከረ። ባለ 20 ገጽ ዳይስ ጣለ፤ 1 ወጣ። በዚህ ዳይስ እያንዳንዱ ቁጥር የመውጣት ዕድሉ 5 በመቶ ነው፤ 1 ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው። "አልተከፈተም" ማለት እችል ነበር። ከዚያስ? ሌላው ይሞክራል፣ እሱም ካልሆነለት ሦስተኛው ይሞክራል፣ ታሪኩ በር ላይ ቆሞ ይቀራል።

"በሩ ተከፈተ" አልኩት። "የከፈተው ግን የአንተ መክፈቻ አይደለም። ከውስጥ አንዲት ሴት ሻማ ይዛ ቆማለች። በስምህ ጠርታ 'አረፈድክ' አለችህ።"

ጓደኛችን ከወንበሩ ብድግ አለ። ሴትዮዋን እኔም አላውቃትም ነበር። "ማን ናት?" ብዬ እሱን ጠየቅኩት። ለአፍታ አሰበና "ስርቆት ያስተማረችኝ ናት። ሞታለች ብዬ ነበር" አለ። ከዚያ በኋላ የነበረው ጨዋታ ግማሹ የእሷ ታሪክ ሆነ።

ዳይስ ሲከፋ "ምንም አልሆነም" ከማለት "ሌላ ነገር ሆነ" ማለት ይሻላል። ይህን በሕግ ደረጃ ያስቀመጡ ጨዋታዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የቪንሰንት ቤከር አፖካሊፕስ ወርልድ ሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ያስጥላል። ድምሩ 10ና ከዚያ በላይ ከሆነ ያሰብከው ይሳካል። ከ7 እስከ 9 ከሆነ ይሳካል፣ ግን ያስከፍልሃል። 6ና ከዚያ በታች ሲሆን መሪው ነገሩን ያከብደዋል። የገጸ ባሕሪው ችሎታ የሚሰጠው ቁጥር ሳይጨመርበት ብናሰላው ከ36 አጋጣሚዎች 15ቱ በዚያ መሃለኛ ቦታ ይወድቃሉ። "አዎ፣ ግን" እንግዲህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል ማለት ነው። ሌላ ጨዋታ ብትጫወቱም ይህን አመል ውሰዱት፤ የትም ይሠራል።

ሌላው ጨዋታ የሚያቀዘቅዝ ነገር ደግሞ ዳይስ ማብዛት ነው። ዳይስ ከመጣሉ በፊት ራሳችሁን "ባይሳካስ ምን ይሆናል?" ብላችሁ ጠይቁ። ደስ የሚል መልስ ከሌለ ዝም ብላችሁ "ተሳካልህ" በሉት። የሂሳቡም ነገር አለ። አራት ሰዎች በጠላት ሰፈር አጠገብ ተደብቀው ሊያልፉ ነው እንበል። እያንዳንዳቸው 70 በመቶ ዕድል ቢኖራቸው ጥሩ ይመስላል። አራቱንም ለየብቻ ካስጣላችኋቸው ግን ሁሉም የማለፋቸው ዕድል 24 በመቶ ብቻ ነው። መሪው ሳያስበው መያዛቸውን ወስኖባቸዋል። አንድ ሰው ስለ ሁሉም ይጣል፤ ወይም ግማሾቹ ከተሳካላቸው ሁሉም ይለፉ። በተቃራኒው መርዳት ስትፈልጉ ሁለት ዳይስ አስጥሉና ትልቁን ውሰዱ። በባለ 20 ገጽ ዳይስ 15ና ከዚያ በላይ ማምጣት 30 በመቶ ዕድል አለው፤ በሁለት ዳይስ 51 በመቶ ይሆናል። ተጫዋች ጥሩ ሐሳብ ሲያመጣ እንዲህ አድርጋችሁ ዋጋ ስጡት።

ጭራሽ ዳይስ የማያስፈልግበትም ጊዜ አለ። ከመካከላችን አንዷ ዝምተኛ ናት። መጀመሪያ ላይ ምሽቱን ሙሉ ሁለት ሦስት ቃል ተናግራ ትሄድ ነበር። "አልተመቻትም መሰለኝ" የሚሉ ነበሩ። እኔ ግን ዓይኗን አይ ነበር፤ አንድም ነገር አያመልጣትም፣ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። እንዲህ ያለውን ሰው "አንቺስ ምን ታደርጊያለሽ?" እያሉ በሰፊ ጥያቄ ማፋጠጥ ያስጨንቀዋል። ጠበብ ያለ ጥያቄ ነው የሚሻለው። "ከሁሉም በስተኋላ ያለሽው አንቺ ነሽ፤ ዞር ስትዪ ምን አየሽ?" እንደዚያ ስጠይቃት የምትመልሰው አጭር ነበር፣ ግን ሁልጊዜ ጥሩ ነበር። ዝምታዋንም አክብረን ተውንላት። ሰው ሳይናገርም ሊጫወት ይችላል።

አንድ ምሽት ገጸ ባሕሪዎቹ በሐሰት ተከሰው ፍርድ ቤት ቀረቡ። ዳኛውም ምስክሩም እኔ ነኝ። ሌሎቹ ሊያመልጡ መስኮት ይቆጥራሉ። እሷ ደብተሯን ገለጥ ገለጥ አደረገችና "ክቡር ዳኛ፣ ይህ ምስክር ከዚህ በፊት በገበያው ቀን ሲናገር የሰማነውን ላንብብ" አለች። ከወራት በፊት በዚያ ሰው ድምፅ የተናገርኩትን፣ እኔ ራሴ የረሳሁትን፣ ቃል በቃል አነበበችው። አሁን ከሰጠው ምስክርነት ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። ጓደኞቿ በጭብጨባ ቤቱን አናወጡት። ዳይስ አላስጣልኳትም። ያን ያህል ያደመጠ ሰው በ5 በመቶ ዕድል መውደቅ የለበትም። "ነጻ ናችሁ" አልኩ፤ ከልቤ ነበር ያልኩት።

እስካሁን ያነሳኋቸው ረጅም ጨዋታዎች ናቸው። አንድ ምሽት ብቻ የተጫወትነው ግን ከሁሉም በላይ ሳይጠልቅ አልቀረም። ድሬድ ይባላል፤ የአስፈሪ ታሪክ ጨዋታ ነው። ዳይስ የለውም። ጠረጴዛው መሃል የጄንጋ ግንብ ይቆማል፤ 54 እንጨቶች፣ 18 ደርብ። ገጸ ባሕሪህ አጠራጣሪ ነገር ሲሞክር አንድ እንጨት ስበህ አናቱ ላይ ታስቀምጣለህ። ግንቡ በእጅህ ከፈረሰ ገጸ ባሕሪህ ከታሪኩ ይወጣል፤ ብዙውን ጊዜ ሞቶ። ፍርሃቱን መሪው በቃላት ማምጣት አይጠበቅበትም። የተጫዋቹ እጅ ራሱ ይንቀጠቀጣል።

ታሪካችን በረዶ ውስጥ ስለተቀረቀረች መርከብ ነበር። ሁለት ተጫዋቾች የማይዋደዱ ሁለት መርከበኞች ይዘው ምሽቱን ሙሉ ሲነታረኩ አመሹ። ወደ መጨረሻው ላይ ግንቡ ነካ ቢያደርጉት የሚወድቅ ሆኗል። ውሃው እየገባ ነው፤ በሩን ከውጭ በኩል የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ጨዋታው ለእንዲህ ዓይነት ጊዜ አንድ ሕግ አለው። ተጫዋቹ ግንቡን ሆን ብሎ ካፈረሰው ገጸ ባሕሪው ይጠፋል፣ ያሰበው ነገር ግን ያለ ጥርጥር ይሳካል። ከሁለቱ ተነታራኪዎች አንዱ ጠየቀኝ። "በሩን እኔ ብይዘው ይተርፋሉ?" "ይተርፋሉ" አልኩት። ወደ ባላንጣው ዞሮ "ለእናቴ አንተ ንገራት" አለውና ግንቡን በመዳፉ ጠረገው። እንጨቱ ወለሉ ላይ ተበተነ። አንዷ ጮኸች። ባላንጣው የነበረው ጓደኛችን ዓይኑ እንባ ሞልቶ ተነስቶ አቀፈው።

ይህ ምሽት በሌላ ሕግ ቢሆን ኖሮ አይወለድም ነበር ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ምን ሊሰማችሁ እንደምትፈልጉ ተነጋገሩ፤ ሕጉን ከዚያ ምረጡ። ኃይለኛ ጀግኖች ሆናችሁ ውጊያና ጀብዱ ካሻችሁ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ጥሩ ነው። ምስጢር እየፈለፈላችሁ አእምሯችሁ ቀስ በቀስ የሚሸረሸር ተራ ሰዎች መሆን ከፈለጋችሁ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣውና ሳንዲ ፒተርሰን የሠራው ኮል ኦቭ ክቱሉ አለ። ሁሉንም ታሪክ በአንድ ሕግ ለመጫወት የሚሞክሩ ቡድኖች ብዙ ነገር ያመልጣቸዋል።

ስሜት እንዲህ ሲጠልቅ ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ይህን ነጥብ ቀለል አድርጋችሁ እንዳታልፉት አደራ። ረጅም ጨዋታ ከመጀመራችን በፊት አንድ ምሽት ለንግግር ብቻ እንመድባለን። ምን ዓይነት ታሪክ እንፈልጋለን? ጨዋታችን ውስጥ ጭራሽ እንዳይገባ የምንፈልገው ምንድን ነው? ቢኖርም በዝርዝር እንዳይተረክ የምንፈልገውስ? ምክንያት ማንም አይጠይቅም። ከዚያ በተጨማሪ ጠረጴዛው ላይ ኤክስ የተጻፈባት ካርድ እናስቀምጣለን። ሐሳቡ የጨዋታ ሠሪው የጆን ስታቭሮፑሎስ ነው። ማንም ሰው ካርዷን ነካ ካደረገ የተባለው ነገር ይነሳል፣ ጨዋታው በሌላ ይቀጥላል።

አንድ ጊዜ ስለታመመ ሕፃን እየተረክሁ ሳለ አንዱ ጓደኛችን ካርዷን ነካ። "እሺ፣ ሕፃኑ የለም፤ ቤቱ ባዶ ነው" አልኩና ቀጠልን። ከደቂቃ በላይ አልፈጀም። በኋላ ለብቻዬ ሳገኘው "አመሰግናለሁ" አለኝ፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ጓደኛ የምንለው ሰው ምን ተሸክሞ እንደመጣ ሁልጊዜ አናውቅም። ይህ ካርድ ጨዋታ ያቀዘቅዛል የሚሉ አሉ። የእኛ ቤት ልምድ ተቃራኒው ነው። መውጫ እንዳለ ሲያውቁ ሰዎች በድፍረት ይገባሉ።

አሁን ለጀማሪ የሚጠቅሙ ጥቃቅን ነገሮችን ልበል። ከመሪው ጋር አራት ወይም አምስት መሆን ይበቃል። ከስድስት ሲበልጥ ተራ መጠበቅ ይበዛል፣ ስልክ ይወጣል። በረጅም ጨዋታ አትጀምሩ፤ በአንድ ምሽት የሚያልቅ ታሪክ ይሁን፣ ገጸ ባሕሪዎቹም ቀድመው የተዘጋጁ ይሁኑ። ሕግ ለመግዛት አትቸኩሉ። የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አሳታሚ መሠረታዊ ሕጎቹን እ.ኤ.አ. በ2023 በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቋል፤ በነጻ አውርዶ መጠቀም ይቻላል። ዳይስ ከሌላችሁ የስልክ አፕ ይሠራል፤ እውነተኛው ሲንከባለል የሚሰጠው ደስታ ግን ሌላ ነው።

ቡድን የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ ቀጠሮ ነው። "ሁላችንም ሲመቸን" ካላችሁ መቼም አይመቻችሁም። ቋሚ ቀን ያዙ። አንድ ሰው ቢቀር ተጫወቱ፤ ገጸ ባሕሪው አሞት ተኝቷል በሉ። ሁለት ከቀሩ ግን ለዚያ ምሽት ሌላ አጭር ነገር ተጫወቱ።

አንድ ልማድ ደግሞ አጥብቄ እመክራለሁ። ምሽቱ ሲጀመር "ባለፈው ምን ሆኖ ነበር?" የሚለውን መሪው አይተርክ፤ ተጫዋቾቹ ይተርኩ። መሪው ያኔ ጆሮውን ያቁም። የሚያነሱት ነገር ለእነሱ ዋጋ ያለው ነው፤ የዘለሉት ደግሞ እንዲሁ ቢቀር የማይጎዳ ነው። እኔ ዝግጅቴን የማስተካክለው ከዚያ ሰምቼ ነው።

ረጅሙን ጨዋታ ሳይሞት ጨርሱት። ብዙ ቡድኖች ታሪኩን ሳይቋጩ ይበተናሉ፤ ያሳዝናል። እኛ ፍላጎቱ ሲቀንስ ስናይ "በሦስት ምሽት እንቋጨው" ተባባልን። በመጨረሻው ምሽት ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ትዕይንት ሰጠሁ፤ ከ10 ዓመት በኋላ ገጸ ባሕሪህ የት ነው፣ ከማን ጋር ነው? መሪ ሆኜ ምንም አልጨመርኩም። ሌባው ከዚያች አስተማሪው ጋር ትምህርት ቤት ከፍቷል አለ። ያቺ ዘቡን ያናገረችው ደግሞ ድልድዩ ላይ ሻይ ቤት አላት፤ ዘቡም ደንበኛዋ ነው።

የሚቀጥለውን ጨዋታ የምትመራው ዝምተኛዋ ጓደኛችን ናት። ደብተሯን እያየች ዓለሟን መሥራት ጀምራለች። እስካሁን የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እያንዳንዳችን የምንይዘው ገጸ ባሕሪ እምቢ ሊለው የማይችለው አንድ ሰው ይኑረው ብላለች። የዚያን ሰው ስም ጽፈን እንድንሰጣትም ቀን ቆርጣልናለች።